ስሜ የሌለበት ዝርዝር

ጃንዋሪ 6፣ 2014፤ ሰኞ

ብርዱ አይጣል ነው። የክሊኒኩ ቧንቧ በረዶ ሆኖ አድሮ ኦማ በፀጉር ማድረቂያ ስታሞቀው አገኘኋት። ኦማ እንግዳ ተቀባዬ ናት፤ ሒሳብ ያዥም፣ የሸለቆው ወሬ አቀባይም እሷው ናት። ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ አንድም ቀን ፈርታኝ አታውቅም።

ገና በሩ ሳይከፈት ሰው ተሰልፎ ነበር። ሁሉም አዲስ የጤና ኢንሹራንስ ካርድ ይዟል። ከባሏ ቀብር ወዲህ ሐኪም ዘንድ ደርሳ የማታውቅ ሴት ሳትቀር መጥታለች።

«ዶክተር፣ ‹ካርዱን ትቀበላላችሁ ወይ?› እያሉኝ ነው። ምን ልበላቸው?» አለችኝ ኦማ።

«አንቀበልም በያቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እኔ አልልም። ራስሽ ወጥተሽ ዓይናቸውን እያየሽ በያቸው።»

ወጥቼ አልኳቸው። ማንም አልተቆጣ። «ይቅርታ ዶክተር፣ አስቸገርንሽ» እያሉ ወጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግዛታችን ኬንተኪ በዋሽንግተኑ አዲስ የጤና ሕግ መሠረት በከፈተው የኢንሹራንስ ገበያ ላይ በእኛ ካውንቲ፣ በወረዳችን፣ የሚሸጥ ኩባንያ አንድ ብቻ ነው። ውሉን ባለፈው ጁላይ ላከልኝ። የሚከፍለው ከድሮው በጣም ያነሰ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምርመራ ደግሞ አስቀድመሽ ፈቃድ ጠይቂ ይላል። አልፈረምኩም። ስላልፈረምኩ ስሜ ከሐኪሞቹ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሐኪም ዘንድ ካርዱ ዋጋ የለውም። ሰው ተራራውን ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ካውንቲ መሄድ አለበት።

አይቆጨኝም። ሴፕቴምበር ላይ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነስቼ፣ «ከዋሽንግተን የመጣ ወረቀት ከምፈርም በሬን ዘግቼ ድንች ብተክል ይሻለኛል» ብያለሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወንድሜ ቨርሊን ከኋላ ቆሞ በአድናቆት ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ።

ጃንዋሪ 9

ኦማ ምሳ ላይ፣ «ዛሬ የደወለ ሰውዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እኔ ያንን የዋሽንግተኑን እርኩስ ነገር አልነካም፤ የያዝኩት የኬንተኪውን ነው› አለኝ» አለች።

«ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ነገርሽው?»

«ምን ብዬ? ደስ ብሎታል እኮ!»

ሳቅን። ግን እውነት ነው፤ ግዛቱ ገበያውን የራሱን ስም ሰጥቶ፣ የራሱን ማስታወቂያ ለጥፎ ነው የከፈተው። ሰዉ የዋሽንግተኑን ሕግ እየረገመ የኬንተኪውን ካርድ በኪሱ ይከታል። እኔ አላርምም። ሥራዬም አይደለም።

ጃንዋሪ 12፤ እሑድ

ቨርሊን ምሳ በላ፤ በላ ከተባለ። ባቄላውን ግማሹን ተወው። ይህ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳህን ላይ ምግብ ትቶ አያውቅም።

«ሱሪህ ሊወልቅ ነው» አልኩት።

«ሸንቃጣ ልሆን ነው። ሚስት ፈልጊልኝ።»

«ፊትህ ምነው ገረጣ?»

«ጃንዋሪ ነው ትንሿ፤ በጃንዋሪ የማይገረጣ ማን አለ?»

ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ አሁንም «ትንሿ» ነው የሚለኝ። አባታችን ሲሞት ከሰል ማዕድን ገብቶ ሠርቶ ሕክምና ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ ነው። ማዕድኑ ሲዘጋ ኢንሹራንሱም አብሮ ሄደ። አሁን በራሱ መኪና ጠጠር ያመላልሳል። ለድሆች የሚሰጠውን ሽፋን እንዳያገኝ ገቢው ትንሽ ያልፋል፤ ከገበያው እንዳይገዛ ደግሞ እንደ በቅሎ ግትር ነው።

ጃንዋሪ 21

በግድ ደሙን ወሰድኩ። ውጤቱ መጣ። ደሙ በጣም ወርዷል፤ ደም ማነስ ነው።

የጨጓራ ቁስለት ሊሆን ይችላል። ለጉልበቱ አስፒሪን እንደ ከረሜላ ነው የሚቅመው። የብረት ኪኒን ሰጥቼዋለሁ፤ ከወር በኋላ ደግሜ አያለሁ።

በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ይህን ውጤት ይዞ መጥቶ አንድ ተማሪ «የብረት ኪኒን ሰጠሁት» ቢለኝ ከክፍል አባርረው ነበር። ግን ይሄ ቨርሊን ነው፤ ጠንካራ ሰው ነው።

ፌብሩዋሪ 3

ነገረኝ። ሽንት ቤት ሲቀመጥ ደም ያያል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአጋዘን አደን ወዲህ።»

«ኖቬምበር ማለት ነው! ቨርሊን!»

«አትጩሂ፣ ኦማ ትሰማለች።»

«ሰማሁ!» አለች ኦማ ከውጭ።

አንጀቱን በካሜራ ማየት ያስፈልጋል፤ ከዚያ የሚመጣው ደግሞ አይታወቅም። ሆስፒታሉ ያለ ኢንሹራንስ አስቀድመህ ክፈል ይላል። እኔ ልክፈል ብለው መኪናውን አስነስቶ ሊሄድ ነበር። ምጽዋትም አይነካም። በመጨረሻ፣ ምላሴ እየተሳሰረ፣ «እንግዲያው ከገበያው ግዛ» አልኩት።

ኮፍያውን አዟዟረው። «አልፈርምም። በኛ በስቲዳሞች ቤት ቃል አይታጠፍም» አለ።

እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ምን ይደረጋል? ፖለቲካው ከአንጀቱ በልጦበታል።

ፌብሩዋሪ 12

የጎረቤት ካውንቲው ሐኪም ደወለ። የድሮ ወዳጄ ነው፣ ግን ዛሬ ሰላምታ እንኳን አላስጨረሰኝም።

«ናዲን፣ በእግዚአብሔር፣ ሰዎችሽን መልሺልኝ! መኪና ማቆሚያው አይበቃኝም። አሥር ዓመት ያልታየ ስኳር፣ አሥር ዓመት ያልታየ ግፊት፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት መጣብኝ። አዲስ ታካሚ የምቀጥረው ለሜይ ነው። ለእያንዳንዱ ምርመራ ኩባንያውን ስለምን ደግሞ ግማሽ ቀኔ በስልክ ላይ ያልቃል።»

«እኔም እኮ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ለዚህ ነው ያልፈረምኩት።»

«ቆንጆ። አንቺ ልክ ሆነሽ ባዶ ወንበር ታቅፈሽ ተቀመጪ። የሚሞተው በኔ ሰልፍ ላይ ይሙት።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ባለጌ።

የኛ መጠበቂያ ክፍል በእርግጥ ባዶ ነው። የክሊኒኬን ነርስ ከእንግዲህ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነይ አልኳት። ጓንቷን እያጠለቀች እያወለቀች ሰማችኝ። ኦማ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

ፌብሩዋሪ 19

ቨርሊን መኪናውን ቦይ ውስጥ ከተተ። ከነጠጠሩ። «ዓይኔ ጨለም አለብኝ» ይላል። ሰዎች ደግፈው አመጡልኝ።

አልጋው ላይ አስተኝቼ ሆዱን ዳሰስኩ። በቀኝ በኩል እጄ እብጠት አገኘ። ጠንካራ ነው። ዳሰስኩት፣ እጄን አነሳሁ፣ መልሼ ዳሰስኩት።

«ምን አገኘሽ?»

«ምንም። ሆድህ ድርቅ ብሏል።»

አየኝ። ሸሚዙን ቆለፈ። በኋላ ሽንት ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ፌብሩዋሪ 24

ኦማ፦ «እስከ ማርች አጋማሽ ካልተመዘገበ ሽፋኑ በኤፕሪል አይጀምርለትም። ማርች ካለቀ ደግሞ ገበያው ይዘጋል፤ እስከ ቀጣዩ ኖቬምበር መጠበቅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እና ታዲያ?»

«እና ታዲያ አልፈርምም አለ! ራሱን ሰብሬ ልክተትለት?»

«እሱ ብቻ ነው እንዴ አልፈርምም ያለው?»

እንደ ሰማሁ አላሳየኋትም።

ማርች 2፤ እሑድ

ዋሸሁት።

ሳህን እያጠብኩ፣ እሱ እያደረቀ። ጀርባዬን ሰጥቼው፣ «ስማ፣ ያ ነገር የዋሽንግተኑ አይደለም። እሱ ሌላ ነው። ይሄኛው የኬንተኪ የራሷ ነው» አልኩት።

ፎጣው ቆመ። «የተለያዩ ናቸው?»

«የተለያዩ ናቸው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሐኪም ነኝ አይደል?»

«እሺ» አለ። ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «የኛው የኬንተኪ ከሆነ፣ አንቺ ለምንድነው ዝርዝሩ ውስጥ የሌለሽው?»

ውኃውን ዘጋሁ። «ኦማ ወረቀቱን የሆነ ቦታ ጥላው ነው» አልኩ። ምስኪን ኦማ! እሱ ግን ሳህን ማድረቁን ቀጠለ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሳቅ ይሁን ሌላ አልገባኝም። አንድ ብርጭቆ ሦስቴ አደረቀ።

በጠቅላላው ሸለቆ ሰው ሁሉ በዚህ ስም ተታሎ ፈርሟል፤ የኔ ወንድም ብቻ አልታለል አለ።

ማርች 6

ውሉን ከመሳቢያ አወጣሁ። መለስኩ። አወጣሁ።

ለሱ ቀዶ ሐኪሙ ዝርዝሩ ውስጥ ቢኖር ይበቃዋል፤ የኔ ስም ምን ያደርግለታል? ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ብዬ አስረዳው ነበር። እሱ ግን አንዴ «አንቺ ለምን የለሽም?» ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

ማርች 7

ፈረምኩ። በቃ።

ለኩባንያው ደወልኩ። አንዲት ትሑት ልጅ፣ «በደስታ እንቀበልዎታለን ዶክተር፤ ስምዎ ዝርዝሩ ላይ እስኪወጣ እስከ ዘጠና ቀን ሊፈጅ ይችላል» አለችኝ።

«ዘጠና ቀን የለኝም።»

«ባለፈው ዓመት ቢልኩልን ኖሮ...»

ሰው የሚጮኸው እንደዚህ ዓይነቷ ላይ ነው። ጮህኩባት። በኋላ መልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ሌላ ሰው አነሳው።

ማርች 9፤ እሑድ

የፈረምኩትን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበው። ፊርማዬን በጣቱ ነካ።

«ሰዉስ?» አለ።

«ሰዉ ምን?»

«ምንም።» መነጽሩን አጠፈ። «ዓርብ ውሰጂኝ።»

ማርች 14፤ ዓርብ

በሚገባ መጻፍ አለብኝ። መኪና ውስጥ ነኝ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት። ቨርሊን ነዳጅ ማደያው ጋ ሶዳ ሊገዛ ሄዷል።

ሰው የሚመዘገበው እዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ አንዲት ልጅ ኮምፒውተር ይዛ ተቀምጣ ታስመዘግባለች። ታሊታ ትባላለች፤ ስትወለድ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ገና ከበሩ ስንገባ ብድግ አለች።

«አቶ ቨርሊን! ተመለሱልኝ! እኔ እኮ ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

«ተመለሱ?» አልኩ። «ከየት ነው የሚመለሰው?»

ቨርሊን፣ «ታሊታ፣ ሥራሽን ሥሪ» አላት። እሷ ግን ደስታዋ አላስቻላትም፤ ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ እየሮጡ ወሬዋን ቀጠለች።

«ኦክቶበር ላይ፣ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የመጡት! ከሁሉም ቀድመው። ሁሉንም ጨርሰን እኮ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶን፣ ‹ሐኪምዎ ዝርዝሩ ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ እንይ› ብዬ ስፈልግ ዶክተር ናዲን የሉም። ያኔ ኮፍያቸውን አንስተው፣ ‹እህቴ ሰው ፊት አልፈርምም ብላለች። እኔ እዚህ ፈርሜ ነገ ሰው ምን ይላታል? የገዛ ወንድሟ አላመናትም አይሏትም?› አሉኝ። አንድ ነገር ብነካ ያልቅ ነበር። ‹ተይው ልጄ› ብለው ወጡ።»

ከዚያ ዓይኔን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ኦክቶበር። አደኑ ከመጀመሩ በፊት። ደሙን ከማየቱ በፊት።

ምዝገባው እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ታውቅ ነበር?»

«ማንበብ እችላለሁ ናዲን።» በስሜ ከጠራኝ ስንት ዘመኑ ነው። «አንቺ የዋሸሽኝ ቀን ነው በጣም መታመሜን ያወቅኩት። አንቺ በጤናሽ አትዋሺም።» ከዚያ ሬዲዮውን ከፈተ፤ የቅርጫት ኳስ ነበር። ትንሽ ሰምቶ ሶዳ ልግዛ ብሎ ወረደ።

መጣ።

ኤፕሪል 1

ሽፋኑ ዛሬ ጀመረ። ኩባንያው ለካሜራው ቅድመ ፈቃድ ይጠየቅ አለ። ጠየቅኩ። የግል ሐኪሙ ዝርዝሩ ላይ የለችም፣ ጥያቄው ከሌላ ሐኪም ይምጣ አሉ። ለጎረቤት ካውንቲው ወዳጄ ደወልኩ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ «የስሙን ፊደላት ንገሪኝ» ብቻ አለኝ። ከሰዓት ፈቃዱ መጣ።

ኤፕሪል 3

ካሜራው ዕጢውን አገኘው። እጄ ያገኘው ቦታ ላይ።

ኤፕሪል 10፤ ሐሙስ

ሌክሲንግተን። ቀዶ ሕክምናው ቀኑን ፈጀ። ቀዶ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ኮሪደሩ ላይ ጠራችኝ።

«የአንጀቱን ዕጢ አውጥተናል። ጉበቱ ላይ ግን ሁለት ቦታ ተሰራጭቷል። መድማት የጀመረው መቼ ነው?»

«ኖቬምበር።»

«የግል ሐኪሙ ማን ነው? ሪፖርት መላክ አለብኝ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ላገኘው አልቻልኩም።»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አንዴ አየችኝና ስሜን ጻፈች። ለምን ዘገያችሁ ብላ አልጠየቀችም። ለሥራ ባልደረባ የሚደረግ ትሕትና ነው፤ እኔም ለሌላ ሐኪም ደጋግሜ ያደረግኩት።

ኤፕሪል 14

ነርሷ ሙሉ ሳምንቷን ጀመረች። ስሜ ገና ባይወጣም እንደሚወጣ ሰው ሰምቷል፤ ኦማ ለጁን ቀጠሮ ትሰጣለች። ክፍያው ክሊኒኩን ያኑር አያኑር አላውቅም። ይህን ሒሳብ ስሠራ ሴፕቴምበር ላይ ያልኩት ሁሉ ስህተት እንዳልነበረ አያለሁ። ኩባንያው አሁንም የሚከፍለው ትንሽ ነው። ፈቃዱ አሁንም ያሰለቻል። ልክ ነበርኩ።

ልክ ነበርኩ ብዬ ጻፍኩ እንዴ?

ኤፕሪል 20፤ የትንሣኤ እሑድ

ከመዝሙሩ በኋላ ፓስተሩ ምስክርነት ያለው ይነሳ አለ። ተነሳሁ። ለቨርሊን ምስጋና ላቀርብ መስሏቸው ፈገግ አሉ።

«ሴፕቴምበር ላይ እዚህ ቆሜ አልፈርምም ብዬ ነበር። ፈርሜአለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ የዋሽንግተኑና የኬንተኪው አንድ ነው። ስሙ ብቻ ነው የተለየው። አውቅ ነበር፤ ስትሳሳቱም እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። በኔ ምክንያት ሳይመዘገብ የቀረ ሰው ካለ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

ስለ ኦክቶበር አላነሳሁም። የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ከመሃል አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ሽማግሌ እጁን አወጣ፤ ስሙን እንኳን አላውቀውም። ኪሱን በመዳፉ ተጭኖ፣ «ታዲያ ዶክተር፣ እኔ አሁን ካርዴን ልመልስ ነው?» አለ።

«የለም አባት፣ አይመለስም። ያንተ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለና ተቀመጠ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ ሰው ተነስቶ ወጣ፣ በሩን በኃይል ዘጋው። ኦማ ከፊት ወንበር ላይ አፍንጫዋን ትጠርግ ነበር።

ከዚያ ሌክሲንግተን ነዳሁ። ኦማ ቀድማኝ ደውላለታለች።

«ሰው ፊት ተናገርሽ አሉ» አለኝ።

«ተናገርኩ።»

«አይ ትንሿ! ይህን ሁሉ ወር የጠበቅኩልሽን ስም በአንድ እሑድ?» ሊስቅ ሲል ስፌቱ ያዘው፤ ትራሱን ሆዱ ላይ አቅፎ እስኪያልፍለት ጠበቀ። ግንባሩን ጠረግኩለት። ከስቷል። እጁ የአባታችን እጅ ሆኗል።

ትንሽ ቆይቶ ወደ ጣሪያው እያየ፣ «ያኔ፣ ኦክቶበር ላይ፣ ታሊታ ጋ ጨርሼው ቢሆን ኖሮ ጉበቴ ጋ ይደርስ ነበር?» አለ።

ነርስ መጥታ የተንጠለጠለውን ከረጢት ቀየረች። እስክትወጣ ሁለታችንም ጠበቅን።

«ምናልባት ይደርስ ነበር» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ከዚያ እጄን ያዘና፣ «እንግዲያው ደህና ነው። ያው ነበር ማለት ነው» አለ። እጄን ሁለቴ ጨበጥ አድርጎ ለቀቀኝ። «ሂጂ አሁን፣ መንገዱ ሳይጨልም። ነገ ሰኞ ነው፤ ሰው ይጠብቅሻል።»

አይደርስም ነበር። እዚያ ማለት ያቃተኝን እዚህ ጽፌዋለሁ።